ጀርባ ለባሕሩ፣ ፊት ለካሜራው

የዘንድሮው የቢግ ሰር ጉዞ ፕላን በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ተለቋል። ፕላን ካሉ አይቀር እንዲህ ነው! ከሎስ አንጀለስ ተነስቶ በሀይዌይ 1 የካሊፎርኒያን ጠረፍ ይዞ እስከ ሞንተሬይ ድረስ ያልታሰበበት ነገር የለም። የመጀመሪያው ቀን ልብስ ነጭ፣ የሁለተኛው ክሬም፤ ለቢክስቢ ድልድይ ደግሞ የሀገር ልብስ፣ ጥለቱ ሰማያዊ የሆነ፣ «ከውሃው ጋር እንዲሄድ»። ረጃጅሞቹ ከኋላ፣ ሕፃናት ከፊት። ዶሮ ወጡን ማን እንደሚሠራ፣ እንጀራው ፌርፋክስ ላይ ካሉት ቤቶች ከየትኛው እንደሚነሳ፣ ድሮኑን ማን እንደሚያመጣ፣ የድሮኑ ትርፍ ባትሪ የማን ኃላፊነት እንደሆነ ሁሉም ተዘርዝሯል። ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰዓት በደቂቃ ሳይቀር ተጽፏል፤ ፀሐይዋ ለፎቶ ትፈለጋለችና።

ፋይሉን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የቀረ ነገር ቢኖር ባሕሩ ብቻ ነው።

ስሙማ አለ፤ «ቢች» የሚለው ቃል በየመስመሩ ተሰክቷል። ውሃው በስንት ሰዓት እንደሚሞላ፣ በስንት ሰዓት እንደሚሸሽ፣ ጭጋጉ መቼ እንደሚገፈፍ፣ አሸዋው ላይ መውረድ የሚፈቀደው የት እንደሆነ፣ መንገዱ ራሱ ይኑር አይኑር ግን ትንፍሽ ያለ የለም። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥር ሰው ካለ ዘመናዊ ጉብኝት ምን እንደሆነ ገና አልገባውም። ባሕር ማለት ከጀርባ የሚሆን ነገር ነው። ድሮ ፎቶ ቤት ገብተን ስንነሳ ከኋላችን የተንጠለጠለው መጋረጃ ላይ የተሳለውን ፏፏቴ ማን ጥልቀቱን ጠይቆ ያውቃል?

ለጉዞው የተመረጠው ጁላይ 4 የሚውልበት ሳምንት ነው። ግሩም ምርጫ! ሁሉም ሰው ዕረፍት ላይ ስለሆነ ሁሉም ሰው እዚያው መንገድ ላይ ይገኛል። ደግሞም ጭጋጉ አለ። በጸደይና በበጋ ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ የላይኛውን የባሕር ውሃ ከጠረፉ እየገፋ ያርቀዋል፤ በምትኩ ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል፤ በዚያ ብርድ ላይ የሚያልፈው እርጥብ አየር ጭጋግ ሆኖ ይተኛል። ስለዚህ የመካከለኛው ካሊፎርኒያ ጠረፍ ጁላይና ኦገስት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ግራጫ ነው፤ ጥርት የሚለው ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ሲገባ ነው። ሎስ አንጀለስ የሚኖር ሰው ሁሉ «ጁን ግሉም» እያለ ሲያማርር ይከርማል፤ እሱ ዕረፍት የወጣ ዕለት ግን ጭጋጉም አብሮት ዕረፍት የሚወጣ ይመስለዋል። ያ ሰማያዊ ጥለት ታዲያ ከየትኛው ሰማያዊ ጋር ሊሄድ ነው? ለዚህስ መልስ አለ፤ ፊልተር።

የውሃው ብርድም እንዲሁ ነው። ሞንተሬይ አካባቢ በሞቃቱ ወራት እንኳ ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙም አይርቅም። ሶደሬን አስቦ የመጣ ሰው ቁርጭምጭሚቱን ነክሮ፣ የእናቱን ስም ጠርቶ ይወጣል። ግሩፑ ግን ለዚህ ችግር ከማንም በላይ ተዘጋጅቷል፤ ማንም አይገባማ። ሕፃናቱ «ማሚ፣ ውሃ ውስጥ እንግባ» ሲሉ የሚሰጣቸው መልስ ተጠንቶ ያለቀ ነው፤ «መጀመሪያ ፎቶ፣ ልብሳችሁ ይበላሻል።» ከፎቶው በኋላ ደግሞ «ረፍዷል፣ ወደሚቀጥለው!»

የመጀመሪያው ማረፊያ ማሊቡ፣ ኤል ማታዶር ነው። በፕላኑ ላይ «ሰፊ አሸዋ፣ የቡድን ፎቶ» ይላል። አሸዋው ሰፊ የሚሆነው ውሃው ሲሸሽ ነው፤ ሲሞላ ግን ባሕሩ ገደሉ ሥር ድረስ መጥቶ ይቆማል፣ ሰፊው አሸዋም ከነቡድን ፎቶው ይጠፋል። ካሊፎርኒያ ላይ ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሁለቱ ሙላቶች ቁመታቸው እኩል አይደለም፣ ሰዓቱም በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ወደፊት ይሸሻል። የጊዜ ሰሌዳውን የአሜሪካ መንግሥት ከብዙ ወራት በፊት አስልቶ በነፃ ያወጣዋል። ነፃ መሆኑ ይመስለኛል የጎዳው። ትኬቱ ሰማንያ ዶላር ቢሆን ኖሮ ግሩፑ ገና ሳይነጋ ተሰልፎ፣ ገዝቶ፣ ስክሪንሻቱን ይለጥፈው ነበር።

ለሌሊቱ የተያዘው ቤት ደግሞ «የግል ቢች ያለው» ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ የግል ነው። እዚህ ላይ የማሊቡ ባለቤቶችን ሳላደንቅ አላልፍም። የካሊፎርኒያ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1972 ድምፅ ሰጥቶ ጠረፉን የሚጠብቅ ኮሚሽን አቋቋመ፤ በ1976 ደግሞ የጠረፍ ሕጉ ጸደቀ፤ ከአማካዩ የሙላት መስመር በታች ያለው አሸዋ፣ ማለትም እርጥቡ አሸዋ፣ የሁሉም ነው። አንዳንድ ባለ ቤቶች ግን በራቸው ላይ መኪና ማቆም ክልክል ነው የሚል የራሳቸውን ምልክት ሲተክሉ፣ ከኋላው መኪና የሌለው የውሸት ጋራዥ በር ሲገጥሙ ኖረዋል፤ እንግዳው ወደ ባሕሩ መውረጃ አጥቶ እንዲያልፍ። የእኛ ሰው ደግሞ ሕጉ በነፃ የሰጠውን እርጥብ አሸዋ በውድ ተከራይቶ «ፕራይቬት ነው» እያለ ያስጎበኛል። ድንበሩ የት ላይ እንደሆነ ለማወቅ የውሃውን ሙላት ማወቅ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ፕላኑ ውስጥ የለም።

ከማሊቡ ወደ ሰሜን ያለው መንዳት ለጨዋታ ነው። በሦስት መኪና ጉዞው ሲጀመር ጨዋታው ምን የነበረ ይመስላችኋል? የባሕር በር። ከሞሮ ቤይ ወዲያ፣ መንገዱ ውሃውን ይዞ በሚሄድበት፣ ሦስተኛዋ መኪና ውስጥ ስለ አሰብ የተነሳው ክርክር ጦፎ፣ ጋሽዬ ከፊት ወንበር ዞረው፣ አንዱ ወጣት ከኋላ ተነስቶ፣ ታሪክ ተጠቅሶ፣ ካርታ በአየር ላይ በጣት ተስሎ፣ «ሕዝባችን ባሕር ናፈቀው!» ተባለ። በግራ በኩል ባለው መስኮት ከዓለም ውቅያኖሶች ሁሉ ትልቁ እያለፈ ነበር። ዞር ብሎ ያየው የለም። በፕላኑ መሠረት የማየት ሰዓቱ አልደረሰማ።

ሳን ሲምዮን አልፎ ፒዬድራስ ብላንካስ ላይ ለባሕር ዝሆኖቹ አሥር ደቂቃ ተመድቧል። «ፎቶ ብቻ፣ ሽታ አለው» ይላል ፋይሉ። እነዚህ እንስሳት ቦታውን መያዝ የጀመሩት በ1990 ነው፤ አሁን በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ አንዱ ጎልማሳ ወንድ ሁለት ቶን ሊመዝን ይችላል። በዓመት ሁለት ጊዜ ከሰሜን ፓሲፊክ ጥልቅ ውሃ ሺህ ኪሎ ሜትሮች አቋርጠው እዚችው አሸዋ ላይ ይወጣሉ፤ ሊወልዱና ሊዳሩ በክረምት፣ ቆዳቸውን ሊቀይሩ ደግሞ እንደየዕድሜያቸውና ጾታቸው በተራ። ጁላይ ላይ የሚገኙት የቆዳቸው ተራ የደረሰ ትልልቆቹ ወንዶች ናቸው፤ ቆዳቸው ተልጦ፣ አሸዋ በራሳቸው ላይ እየበተኑ፣ ሲያንኮራፉ ይውላሉ። ከግሩፑ አንዷ «ምን ዓይነት ሰነፍ እንስሳ ነው!» አለች። ልክ ነች። ኤክሴል እንኳ የላቸውም።

ከዚያ ወዲያ ተራራው ይጀምራል። የሳንታ ሉሲያ ተራሮች ከባሕሩ ቀጥ ብለው ስለሚነሱ መንገዱ የተፈለፈለው በገደሉ ወገብ ላይ ነው። ዓመታት ፈጅቶ፣ የእስረኞች ጉልበት ሳይቀር ገብቶበት፣ በ1937 ተከፈተ፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ተራራው መንገዱን ደጋግሞ ሲወስደው ይኖራል። በሜይ 2017 ማድ ክሪክ የተባለው ቦታ ላይ የወረደው ናዳ አራት መቶ ሜትር ያህል መንገድ ቀበረ፤ መንገዱ እንደገና የተከፈተው ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በጁላይ 2018 ነው። በጃንዋሪ 2021 ራት ክሪክ ላይ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦ ባሕር ከተተው። በ2023 እና በ2024ም ሌላ ሌላ ቦታ ተናደ። የክፍለ ግዛቱ መንገድ መሥሪያ ቤት ካልትራንስ የትኛው ክፍል ክፍት፣ የትኛው ዝግ እንደሆነ ያሳውቃል፤ ጉዳዩ የአንድ ስልክ ጥሪ ነው። ግሩፑ ውስጥ አንድ ምስኪን «መንገዱ ክፍት መሆኑን አይተናል?» ብሎ ጠይቆ ነበር። አራት ሰው በሳቅ መለሰለት፤ አንዱ «ጎግል ማፕ ለምን ተፈጠረ?» አለ። ቢግ ሰር ውስጥ አብዛኛው ቦታ ላይ ኔትወርክ እንደሌለ ማንም አልነገረውም። እንኳንም አልተነገረው፤ ደስታን ማደፍረስ ነውር ነው።

ኔትወርኩ ሲጠፋ ነው የፋይፈር ጉዳይ የሚመጣው። በዚያ አካባቢ ፋይፈር ቢች አለ፣ ፋይፈር ቢግ ሰር ፓርክ አለ፣ ጁሊያ ፋይፈር በርንስ ፓርክም አለ። ሦስቱ ሦስት ቦታ ናቸው። ፕላኑ «ፋይፈር፣ 10:30» ብሎ በአጭሩ ቋጭቶታል። ስለዚህ አንዷ መኪና ወደ ጫካው፣ ሁለተኛዋ ወደ ፏፏቴው፣ ሦስተኛዋ ወደ አሸዋው ሄዱ፤ ሦስቱም «እኛ ደርሰናል፣ እናንተስ?» ብለው ጻፉ፤ ሦስቱም መልእክቶች አመሻሹ ላይ ሞንተሬይ ሲቃረቡ አንድ ላይ ደረሱ።

ወደ አሸዋው የሄዱት ዕድለኞች ናቸው ሊባል ይችላል። ጠባቧን የሲካሞር ካንየን መንገድ ከዋናው ጎዳና ላይ የሚጠቁም ትልቅ ምልክት የለም፤ ታዲያ እሷን ማግኘት ራሱ ሙያ ነው። እዚያ ያለው አሸዋ ቦታ ቦታ ላይ ሐምራዊ ነው፤ ከኮረብታው የሚታጠበው ማንጋኒዝ ያለበት የጋርኔት ድንጋይ ነው ቀለም የሚሰጠው። ይህ ግን በፕላኑ አልተያዘም። የተያዘው ፎቶ ሌላ ነው፤ ባሕሩ ውስጥ የቆመው ቋጥኝ ወገቡ ላይ በር አለው፣ በዚያ በር የምትጠልቀዋ ፀሐይ እንደ እሳት ስታልፍ የሚያሳየው፣ ሁሉም ሰው ያየው ፎቶ። ፀሐይዋ በዚያ በር የምታልፈው ዲሴምበር መጨረሻና ጃንዋሪ ላይ ብቻ ነው። የእኛዎቹ በጁላይ፣ ያውም ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቋጥኙ ፊት ቆመው ጠበቁ። «ያ ፎቶ ፎቶሾፕ ነው» ተብሎ ተወሰነ። በሙሉ ድምፅ።

ወደ ፏፏቴው የሄዱትስ? ማክዌይ ፏፏቴ ከ24 ሜትር ከፍታ አሸዋ ላይ ይወድቃል፤ ከሥሩ ያለው ውሃ አረንጓዴ ነው፤ ሙሽሮች ሁሉ ይመኙታል። በፕላኑ ላይ «ከፏፏቴው ሥር፣ ነጭ ልብስ» ይላል። ወደዚያ አሸዋ መውረድ ግን ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ከላይ ካለው የእግር መንገድ ማየት ብቻ ነው የሚቻለው። ድሮኑም ቢሆን በእነዚህ ፓርኮች ውስጥ ክልክል ስለሆነ ትርፍ ባትሪው ትርፍ ሆኖ ቀረ። እኔን የሚያስገርመኝ ሌላ ነው። ያ አሸዋ ጥንት አልነበረም። ፏፏቴው በቀጥታ ባሕር ውስጥ ነበር የሚወድቀው፤ በ1983 ከሰሜኑ በኩል ትልቅ ናዳ ወርዶ፣ መንገዱም ሲጠገን የተጣለው አፈር ተጨምሮበት፣ ማዕበሉ ያን ሁሉ ጠርጎ አምጥቶ ነው አሸዋውን የሠራው። ሰው ሁሉ ሊነሳበት የሚመኘው ገነት የመንገድ ጥገና ትራፊ ነው። ይህን ለግሩፑ ብነግር «አታካብድ» እባላለሁ፤ ስለዚህ አልነገርኩም።

ድልድዩ ላይ ብዙ አልቆይም፤ እነሱ በቂ ቆይተዋል። ቢክስቢ በ1932 አለቀ፤ ባለ አንድ ቅስት ኮንክሪት ነው፣ ከሸለቆው ወለል ሰማንያ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ከ2017 ወዲህ በአንድ የቴሌቪዥን ድራማ መክፈቻ ላይ ስለታየ ዓለም ሁሉ ይጎርፍበታል። መኪና ማቆሚያው ጥቂት ነው፤ የአካባቢው ነዋሪ ለሥራም ለሐኪምም የሚያልፈው በዚሁ መንገድ ነው። ይህን ከግምት በማስገባት የእኛዎቹ መኪናቸውን ግማሹን አስፋልቱ ላይ ትተው፣ ሃዛርድ አብርተው፣ ጥለታቸውን አስተካክለው ወረዱ። ከኋላቸው የቆሙት መኪኖች ጥሩምባ ሲነፉ እትዬ እጃቸውን አውለበለቡላቸው፤ ሰላምታ መስሏቸው ነው፣ አልፈርድባቸውም።

ዋናው ፎቶ ግን ሞናስተሪ ቢች ላይ ነው የተነሳው፣ ከካርሜል በስተደቡብ። ቦታው የተመረጠው በስሙ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ የካቶሊክ ደናግል ገዳም አለ፣ «ገዳም ያለበት ቦታ በረከት አለው» ተባለ። በረከቱ ይኑር። የአካባቢው ሰው ግን ለዚህ አሸዋ ያወጣለት ሌላ ስም አለ፤ የሬሳ ቤት ቢች ነው የሚሉት። አሸዋው ጠጠር መሰል ሻካራ ነው፣ ወደ ውሃው በቁልቁለት ይወርዳል፣ ከዳሩ አንድ እርምጃ አልፎ ጥልቅ ነው። ማዕበሉ ለብዙ ደቂቃ ልስልስ ብሎ ይቆይና ሳይታሰብ አንዱ ትልቅ ሆኖ ይመጣል፤ እግር ይመታል፤ የወደቀ ሰው ልነሳ ሲል ከሥሩ ያለው ጠጠር እየተንሸራተተ መልሶ ወደ ውሃው ይወስደዋል። ብዙ ሰው ሞቶበታል። ለዚህ ነው ከመግቢያው ላይ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ የተተከለው፤ በዚህ ጠረፍ ሁሉ የነፍስ አድን ሠራተኞች ሳይሰለቹ የሚደጋግሙት ትእዛዝም አንድ ነው፤ ለውቅያኖሱ ጀርባህን አትስጥ።

ልብ በሉ፤ አትጩህ አላሉም፣ አትብላ አላሉም። አጥብቀው የከለከሉት አንድ ነገር ነው፤ ፕላኑም የተሠራው ለዚያው ለአንድ ነገር ነው።

የሴቶቹ ቦርሳና የሕፃኑ ጋሪ ሰሌዳው እግር ሥር ተደገፉ፤ ምቹ ነበር። ፎቶ አንሺው ከላይ በኩል ቆሞ ስልኩን አጋደመ፣ አልበቃውም። «ትንሽ ወደ ኋላ» አለ። ሄዱ። «እትዬ፣ እርስዎ ትንሽ ወደ ቀኝ፤ ጋሽዬ፣ ኮፍያዎን ያውልቁ፤ ሌሎቻችሁ አሁንም ትንሽ ወደ ኋላ።» ሄዱ። ሕፃናቱ ወደ ውሃው ዞረው ሲያዩ ትከሻቸውን ይዘው ወደ ካሜራው መለሷቸው፤ ከሁሉም መሐል ባሕሩን ያዩት እነሱ ነበሩ፣ ለዚያም ተቆጡ። «ጎሽ! ሁላችሁም ፈገግ! አንድ...» ሁለት አልተባለም። ውሃው ከኋላ መጥቶ እስከ ጉልበት ደረሰ፤ የአንዷ ነጠላ ሄደ፣ ጋሽዬ በቂጣቸው ተቀመጡ፣ አንድ ጎረምሳ የሕፃኑን ክንድ ባይዝ ኖሮ እኔም ይህን በሽሙጥ አልጽፈውም ነበር። ሁሉም እየጮኸ፣ ጫማውን እየተወ ሽቅብ ወጣ። ትንፋሽ ሲመለስ የመጀመሪያው ጥያቄ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? «ቪዲዮ ነበር የያዝከው ወይስ ፎቶ?»

ፎቶ ነበር። በጣም አዘኑ።

ከዚያ በኋላ በፔብል ቢች በኩል፣ የመግቢያውን ተከፍሎ፣ ብቸኛዋን የሳይፕረስ ዛፍ ለማየት ተሄደ። ዛፏ ቋጥኝ ላይ ብቻዋን የቆመች፣ በብረት ገመድ ታስራ የምትኖር፣ የአንድ ኩባንያ አርማ የሆነች ናት። ከአጥሩ ውጪ ቆመው ጀርባቸውን ሰጧት። እሷ እንኳ ምንም አላደረገቻቸውም።

ፎቶዎቹ በዚያው ሌሊት ከሆቴል ዋይፋይ ተለቀቁ። ባሕሩ በፊልተር ሰማያዊ ሆኗል፣ ጭጋጉ ተጠርጓል፣ ጋሽዬ ከመውደቃቸው በፊት ያለው ፈገግታ ተመርጧል። ልቡም እሳቱም ጎረፈ። አዲስ አበባ ያሉት የጉዞው አስተባባሪ እናት፣ በዕድሜያቸው ባሕር አይተው የማያውቁ፣ የድምፅ መልእክት ላኩ፤ «ልጆቼ፣ አምሮባችኋል፣ ከክፉ ይሰውራችሁ። እንዲያው ልጠይቅ ብዬ ነው፤ ውሃው ጨው ነው የሚሉት እውነት ነው? ቀምሳችሁታል?»

አንዷ «የት ጊዜ አለ እማማ!» አለቻቸው። ሌላው «እንደ ቦታው የሚለያይ ይመስለኛል» ብሎ ጻፈ። አስተባባሪው ግን ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ስለሆነ በዝምታ አላለፈም፤ «እማዬ፣ ጎግል አድርጌ እነግርሻለሁ» አላቸው።